አሥራ ስምንት ኪሎ ጉልበት

ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ የሶዶ ፖሊሶች ገና ወንበራቸውን ሳያሞቁ፣ እጁ በዘይት የጠቆረ ሰው አቤቱታ መቀበያው ፊት ቆሞ "ተሰርቄያለሁ" አለ።

ሳጅን ሰብስቤ መዝገቡን ገለጠ። ቅጽ መሙላት ሲያገኝ ፊቱ የሚፈካ ሰው ነው።

"ስም?"

"ጌታሁን። የብረታ ብረት መምህር ነኝ።"

"የጠፋው ንብረት ዓይነት?"

"ጉልበት።"

ሳጅኑ ቀና አለ። "ምን አሉኝ?"

"ጉልበት። አሥራ ስምንት ኪሎ።"

ሰብስቤ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። በሃያ ሁለት ዓመት አገልግሎቱ በግ፣ ስልክ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ አንዴም ከነመዝጊያው የተነቀለ አጥር መዝግቧል። ጉልበት ግን በቅጹም በልምዱም አልነበረም። ተነስቶ ኢንስፔክተር ዓመለወርቅ ቢሮ ገባና "ወይ ሰውየው አሞታል፣ ወይ እኛ አልገባንም" አላት።

ዓመለወርቅ ጃኬቷን አነሳች። አባቷ ለመንግሥት ሥራ ከሰሜን መጥተው ሶዶ የቀሩ ናቸው፤ እሷ ግን ወላይትኛውን ከአማርኛዋ እኩል ታንበለብለዋለች። ከምንም በላይ የምትወደው ደግሞ ሰው ስቆ ያለፈውን አቤቱታ ነው። ብዙ ጊዜ ባዶ እጇን መልሷታል፤ መውደዷን ግን አልተወችም።

ኮሌጁ ለጌታሁን ያዋሰው መጋዘን ከተማው ዳር፣ ከአንድ የጸሎት አዳራሽ አጠገብ ነው። ውስጡ አውሮፕላን ቆሟል። ትንሽ፣ አንድ ሰው ብቻ የሚይዝ፤ አጥንቱ የአልሙኒየም ቱቦ፣ ክንፉ ሸራ፣ ወንበሩ ከተጋጨ ሚኒባስ የተነቀለ። ጅራቱ በገመድ ከተቀበረ ግንድ ጋር ታስሯል። በገመዱ መሃል የቡና ነጋዴዎች ጆንያ የሚያንጠለጥሉበት ባለ መርፌ ሚዛን ተቀጥሏል።

"ሞተሩን ሙሉ ነዳጅ ስሰጠው አውሮፕላኑ ሊሄድ ይታገላል፣ ገመዱ ይይዘዋል፣ ሚዛኑ ስንት ኪሎ እንደሳበ ይነግረኛል" አለ ጌታሁን። "ትናንት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሥልሳ ሁለት ሳበ። ዛሬ ጠዋት ሦስት ጊዜ ሞከርኩት፤ ሦስቱንም ጊዜ አርባ አራት።"

"ስንት መሳብ አለበት?"

"ሥልሳ። ቅዳሜ ከአዲስ አበባ ሁለት ባለሙያዎች ይመጣሉ። ሥልሳ ከሞላ ተበላ የሚባለው ሜዳ ላይ አውጥቼ እንድሞክረው ይፈቅዱልኛል። ካልሞላ ኮሌጁ መጋዘኑን ይወስዳል፣ እኔም አውሮፕላኑን በትኜ እሸጣለሁ። ለባለቤቴ ቃል ገብቻለሁ። ስምንት ዓመት ታግሳኛለች።"

ይህን ሲል ድምፁ ተሰባበረ። ዓመለወርቅ ማስታወሻ ደብተሯን ገለጠች።

"ሥልሳ ሁለት ሲስብ ማን አየ?"

"እኔ" የሚል ድምፅ ከአውሮፕላኑ ጀርባ መጣ። ሶፊ ናት፤ የጌታሁን የድሮ ተማሪ፣ አሁን የራሷ ብየዳ ቤት ያላት፣ የብየዳ መነጽሯን ከግንባሯ የማታወርድ ሴት።

"ምን ምን መረመራችሁ?"

ጌታሁን በጣቱ ቆጠረ። "ካንዴላ ቀየርኩ። ካርቦራተሩን ፈትቼ አጠብኩ። ነዳጁን ደፍቼ አዲስ ሞላሁ። ፕሮፔለሩን ለካሁ።"

"ያልነኩትስ?"

አሰበ። "ማርሚታውን ብቻ። እሱ ቱቦ ነው፤ የጭስ መውጫ። የሚሰበር ነገር የለው።"

ሶፊ ሜትሯን ከኪሷ አወጣች። ማርሚታው ከሞተሩ ቀጭን ሆኖ ይወጣና መሃሉ ላይ ያረገዘ ይመስል ያብጣል፣ ከዚያ መልሶ ይጠባል። የበየደችው እሷ ናት፤ አራት ጊዜ በይዳ አራት ጊዜ ጥላዋለች፣ አምስተኛው ነው የተሳካላት። ከሞተሩ እስከ ሆዱ መጀመሪያ ለካች። ደግማ ለካች። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

"አራት ጣት አጥሯል" አለች። "ተቆርጦ ተመልሶ ተሰክቷል።"

ጌታሁን ለአፍታ ዓይኑን ጨፈነ። ሲገልጠው ፊቱ ላይ ንዴት ብቻ ሳይሆን እፎይታም ነበር። ዓመለወርቅ ልብ አለችው፤ ሰውየው ሌላ ሰው ከመጠርጠሩ በፊት ራሱን ሲጠረጥር ነበር።

"አራት ጣት ቱቦ አሥራ ስምንት ኪሎ ያሳጣል?" ስትል ጠየቀች። "የጭስ መውጫ አይደለም እንዴ? ቢያጥር ጭሱ ቶሎ ይወጣ እንደሆነ ነው እንጂ።"

"ሁሉም የሚለው ይህንኑ ነው" አለች ሶፊ። "ሚኒባስ አስቢ፣ ኢንስፔክተር። ይህ ሞተር አዲስ ነዳጅ ሲያስገባ ጭሱ የሚወጣበት በርም ክፍት ነው። ስለዚህ ገና ያልተቃጠለው ነዳጅ ከጭሱ ጋር ተጋፍቶ ይወጣል፤ ተሳፋሪ በር ላይ ሲፈስ ማለት ነው። ይህ ቱቦ ረዳቱ ነው። ሞተሩ የተፋው ግፊት ሆዱን አልፎ ጠባቡ ጋ ሲደርስ ይመለስና የወጣውን ነዳጅ ወደ ውስጥ ይገፋዋል፤ በሩ ሊዘጋ ሲል፣ ልክ በሰዓቱ።"

"ቱቦው ሲያጥርስ?"

"ረዳቱ ይቸኩላል። በሩ ሳይዘጋ ገፍቶ ይጨርሳል፣ ተሳፋሪው መልሶ ይፈሳል። ሞተሩ ከአሁኑ በጣም ቢፈጥን አጭሩም ይስማማው ነበር፤ ፕሮፔለሩ ግን ያን ያህል አያስሮጠውም።"

ዓመለወርቅ ጎንበስ ብላ ማርሚታውን ዙሪያውን አየችው። ሥራው ንጹሕ ነው፤ ማሰሪያው ጠብቋል፣ የብረት ብናኙም ተጠርጓል። ሆኖም ቱቦው በማጠሩ ሆዱን የሚይዘው መንጠቆ አልደረሰም። ቆራጩ ክፍተቱን በአንድ ስንዝር በማይሞላ ሽቦ አያይዞታል፤ ከሽቦው ጫፍ ላይ ምስር የምታክል የነሐስ ነገር አለች። ፈትታ በወረቀት ጠቀለለችው።

"ትናንት መጋዘኑ ባዶውን የቀረው መቼ ነው?"

"ከአሥራ ሁለት እስከ አሥራ ሁለት ተኩል" አለ ጌታሁን። "ከሶፊ ጋር ለባለሙያዎቹ የሚሰጠውን ጽሑፍ ለማሳተም ሄድን። በሩን ገርበብ አድርገን ነበር። ስንመለስ ቆለፍኩ።"

"ማንን ይጠረጥራሉ?"

"ማንንም።" ቀጥሎም "ባለ ጋራዡ ብሩ ይቀልድብኛል፤ ግን ብሩ በሁሉም ሰው ይቀልዳል" አለ።

የብሩ ባጃጅ ጋራዥ ከመናኸሪያው ጀርባ ነው። ብሩ፣ ጌታሁን በበረንዳው በኩል ባለፈ ቁጥር፣ "አንተ ከበረርክ እኔ ባጃጄን ዳሞታ ተራራ ላይ አሳርፋለሁ" እያለ ጋራዡን በሳቅ የሚያደምቅ ሰው ነው። ሽቦውን ሲያይ ግን አልሳቀም።

"የፍሬን ሽቦ ይመስላል" አለችው ዓመለወርቅ። "ማርሚታ ቆርጦ ማስጮህም የአንተ ሙያ ነው ይባላል።"

"ታ ሚቼ" አላት ብሩ፤ እህቴ ማለቱ ነው። "እኔ የቆረጥኩት የራሴን ባጃጅ ማርሚታ ነው። በዚያው ጣጣ ትናንት አሥራ አንድ ተኩል ላይ ትራፊክ ያዘኝ። እስከ አንድ ሰዓት የት ነበርክ ብትይኝ እናንተው ግቢ። ሳጅን ሰብስቤን ጠይቂው፣ እሱ ነው የጻፈኝ።"

ዓመለወርቅ ደወለች። "ሁለት ገጽ ጽፌበታለሁ፣ ላንብብልሽ?" አለ ሰብስቤ ደስ ብሎት። አታንብብልኝ ብላ ዘጋች።

ብሩ ሽቦውን ወደ ብርሃን አዞረው። "ደግሞ ይሄ የፍሬን ሽቦ አይደለም። የፍሬን ሽቦ ጫፉ ድፍን ነው፤ ይሄኛው ቀለበት ነው፣ መሃሉ ቀዳዳ አለው። ተመልከቺ፣ ሽቦው ላይ ሌላ ቀጭን ሽቦ ተጠምጥሞበታል። ለአንድ ሽቦ ይሄን ያህል የሚጨነቅ ማነው?"

"አንተ ትነግረኛለህ ብዬ ነበር።"

"አላውቅም። ግን ፈልጊው።" ብሩ እጁን በጨርቅ ጠረገ። "ቅዳሜ እንዳይወድቅ።"

"አንተን ምን አገባህ?"

"እሱ አውሮፕላኑን ከበተነ በማን እቀልዳለሁ?" አለ፤ ይህን ሲል ፊቱ ላይ ቀልድ አልነበረም።

የቀረው ጎረቤት ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ዓመለወርቅ ወደ ጸሎት አዳራሹ ገባች። አርባ የሚሆኑ መዘምራን ተሰልፈው ድምፃቸውን እየቃኙ ነበር። መሪያቸው ኤልሳዕ ሃምሳ ዓመት የሞላው፣ ከሃላሌ መጥቶ ሶዶ የኖረ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው።

"ወንድም ጌታሁን ምን ሆነ?" አለ ገና ሳትጠይቀው። "ዛሬ ሞተሩን በዚህ ሰዓት አላስነሳም።"

"ጉልበት አጣ። ሰው ማርሚታውን ቆርጦበታል።"

"ጉልበት?" ኤልሳዕ ክው አለ። "ቅዳሜ እኮ ባለሙያዎቹ ይመጣሉ።"

"ለዚያ ነው የመጣሁት። ጫጫታው አላስቸገራችሁም?"

"እኛ በየዕለቱ እንጸልይለታለን" አለች ከፊት የቆመች ሊድያ የምትባል ዘማሪ፣ የተቆጣች ትመስላለች። "አንድ ቀን ዝም በል ብለነው አናውቅም።"

"ትናንት ከአሥራ ሁለት እስከ አሥራ ሁለት ተኩል ከመካከላችሁ የወጣ ሰው ነበር?"

"ማንም" አሉ አርባዎቹ ባንዴ፣ ያውም በአራት ድምፅ ተስማምተው። ዓመለወርቅ በሥራ ዘመኗ እንዲህ ያለ የምስክር ቃል ሰምታ አታውቅም።

መንገዱ ተዘጋ። ብሩን ፖሊስ ራሱ መሰከረለት፣ ጎረቤቶቹን አርባ ሰው። ደክሟት ስለነበር ከኋላ አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። መዝሙሩ ጥሩ ነው፤ ነገ የምትጠይቀውን ሰው እያሰበች ሳለ እግሯ ሳታስበው መሬቱን ይመታ ጀመር።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ኤልሳዕ "እንጸልይ" አለ። አርባዎቹ ዓይናቸውን ጨፈኑና ሁሉም በየራሱ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጸልይ ጀመር። አዳራሹ ተናወጠ። ዓመለወርቅ ኦርቶዶክስ ናት፤ እጇ በልማድ ለማማተብ ተነሳና መሃል መንገድ ላይ አፍሮ ተመለሰ። እንግዳ ናትና እሷም ዓይኗን ጨፈነች። አንድ ደቂቃ ያህል ቻለች።

ስትገልጥ አርባ ጥንድ ዓይን እንደተከደነ ነው። ተነሳች። በበሩ ወጣች። እርምጃዋን እየቆጠረች እስከ መጋዘኑ በር ሄደች፤ ሥልሳ እርምጃ። እጇን በሩ ላይ አሳርፋ ተመለሰችና ቦታዋ ተቀመጠች። ማንም አላያትም፤ ጸሎቱ እንደቀጠለ ነው። ሰዓቷን ብታይ ገና አሥር ደቂቃ እንኳ አልሞላም።

የመሣሪያዎቹን ጥግ ያስተዋለችው ያኔ ነው። ኪቦርድ፣ ከበሮ፣ ግድግዳ የተደገፈ ቤዝ ጊታር። የጊታሩ አናት ላይ አራት መቃኛ አለ። ክሩ ግን ሦስት ነው።

ጸሎቱ በአሜን ሲያልቅ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሆነ። ልምምዱ እስኪፈጸምና መዘምራኑ እስኪወጡ ጠበቀች፤ ሰውን በወገኖቹ ፊት ማዋረድ አትወድም።

"ወንድም ኤልሳዕ፣ የእናንተ ቤዝ ስንት ክር አለው?"

"አራት።"

"እኔ ሦስት ነው የቆጠርኩት።" ወረቀቱን ፈትታ ሽቦውን ኪቦርዱ ላይ አስቀመጠችው።

ኤልሳዕ ቆሞ አየው። ከዚያ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፣ እጆቹንም ጉልበቱ ላይ አጣጠፈ።

"ጉልበት እንደሚያጣ አላወቅሁም" አለ። "እግዚአብሔር ያውቃል፣ አላወቅሁም። እኔ ድምፁን ብቻ ነው የፈለግሁት።"

"ድምፁን ምን ሊያደርጉት?"

"ልቃኘው።"

ዓመለወርቅ ወንበር ስባ ፊቱ ተቀመጠች።

"ሞተሩ ሙሉ ኃይል ሲጮህ አንድ ድምፅ ይይዛል፤ ከኪቦርዳችን በጥቂቱ ዝቅ ይላል" አለ ኤልሳዕ። "በጣም ቢርቅ ባላስቸገረን። ያችን ያህል ሲጎድል ግን መዘምራኑን ሳያውቁት ይዟቸው ይወርዳል። በሚቀጥለው ሳምንት ጉባኤ አለብን። ዝም በል ብንለው ያቆማል፤ እሺ ባይ ሰው ነው። ስምንት ዓመት የለፋበትን በእኛ ምክንያት ያቆማል። የፈራሁት ይህን ነው። ልጅ ሆኜ ዋሽንት እሠራ ነበር። ዋሽንት ሲያጥር ድምፁ ከፍ ይላል። አራት ጣት ባሳጥረው ከእኛ ጋር አብሮ ይዘምራል አልኩ።"

"ሌሎቹ ዓይናቸውን ጨፍነው ሲጸልዩ እርስዎ ወጡ።"

"ስወጣም እየጸለይኩ ነበር" አለ ኤልሳዕ፣ እፍረቱ ከፊቱ ሳይጠፋ። "መጋዙን ከቤት አመጣሁ፣ ክሩን ልምምዱ ሳይጀመር ከጊታሩ ፈታሁ፤ መንጠቆው እንደማይደርስ በዓይኔ ገምቼ ነበር። ዛሬ ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ በር ላይ ቆሜ አዳመጥኩ። ድምፁ ከፍ ማለቱ ቀርቶ ጭራሽ ወረደ። እሱ ሌላ ነገር ነክቶ ይሆናል ብዬ ራሴን አጽናናሁ።"

ሰውየው ቦርሳውን ከፈተና በንጹሕ መሐረብ የተጠቀለለ፣ ከማርሚታው የተቆረጠ፣ አራት ጣት የሚሰፋ የብረት ቀለበት አወጣ። ዓመለወርቅ ሳቋ መጣ፤ ግን ጌታሁን ጠዋት ዓይኑን ሲጨፍን ትዝ አላትና ሳትስቅ ቀለበቱን ተቀበለችው።

በማግስቱ ዓርብ፣ ኤልሳዕ መጋዘኑ ውስጥ በጌታሁን ፊት ቆሞ ሁሉንም ደገመ። ጌታሁን አልጮኸም። እየሰማ ቀለበቱን በእጁ ያገላብጥ ነበር።

"ትናንት ጠዋት ቱቦው መቆረጡ እስኪታወቅ የስምንት ዓመት ስሌቴን ከመጀመሪያው ስጠራጠር ነበር" አለ በመጨረሻ። "ረቡዕ ያየሁት ሥልሳ ሁለት ራሱ የዓይኔ ስህተት ይሆን እያልኩ። አንዲት ቃል ብትነግረኝ ምን ነበር?"

"ይቅርታ አድርግልኝ።"

"አሁን አልችልም" አለ ጌታሁን። እውነቱን ነበር።

ዓመለወርቅ ጣልቃ ገባች። "የሰው ንብረት ማበላሸት ነው፤ ክስ የሚመሠርቱ ከሆነ መዝገቡ ክፍት ነው።"

"ቅዳሜ ይለፍ" አለ ጌታሁን፣ ቀለበቱንም ለሶፊ ሰጣት። "ቢሞላም ባይሞላም ያኔ እነግርዎታለሁ።"

ሶፊ ቀኑን ሙሉ ከማርሚታው ጋር ዋለች። ቀለበቱን ቦታው መልሳ በየደችው፣ የብየዳው ጉርብጥብጥ ግፊቱን እንዳያደናቅፍ ውስጡን በቀጭን ሞረድ አለሳለሰችው። በዚህ ምክንያት ዓርብ መሞከር አልተቻለም።

ቅዳሜ ጠዋት ዳሞታ ጭጋጉን ከተማው ላይ ለቆት ነበር። ባለሙያዎቹ ይቸኩላሉ፤ አንዱ ወረቀት፣ ሌላው ሰዓት ይዟል። ጌታሁን ሁልጊዜ የሚሞክረው ከሥራ በኋላ፣ ፀሐይ መጋዘኑን አሙቃው ስታበቃ ነው። ቱቦው ተቆርጦ ሳለ ካደረገው የሐሙስ ሙከራ በቀር በጠዋት ብርድ ሞክሮ አያውቅም። የጌታሁን ባለቤት በር ላይ ቆማለች፣ ብሩ ባጃጁን አቁሞ መጥቷል፣ ኤልሳዕ ከሁሉም ርቆ ግድግዳውን ተደግፏል። ሳጅን ሰብስቤም መጥቷል፤ ማንም አልጠራውም።

ሞተሩ ተነሳ። ጌታሁን ሙሉ ነዳጅ ሰጠው። ገመዱ ተወጠረ፣ መርፌው ሃምሳን አለፈ፣ ሃምሳ ስድስት ላይ ቆመ።

"ሃምሳ ስድስት" አለ ወረቀት የያዘው፣ እስክሪብቶውንም አነሳ።

ጌታሁን እጁን ወደ ማጥፊያው ሰደደ። ፊቱ ላይ ያለውን ላየ ሰው ስምንቱ ዓመት እዚያው ሲያልቅ ይታየዋል። ሚስቱ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። እውነት ለመናገር አውሮፕላኑን ወድዳው አታውቅም፤ እንዲህ ሆኖ እንዲቀር ግን አልፈለገችም።

"አታጥፋው" የሚል ድምፅ ከሞተሩ ጩኸት በላይ መጣ። ኤልሳዕ ነው። ከግድግዳው ተነስቶ ወደ ባለሙያው ይራመዳል። "ይጠብቁ። ድምፁ ገና አልደረሰም።"

"የምን ድምፅ?"

"ሁለት ዓመት በየቀኑ ሰምቼዋለሁ። የራሱ ድምፅ ይህ አይደለም፤ ገና እየወጣ ነው።"

ባለሙያው ጌታሁንን አየ። ጌታሁን ኤልሳዕን አየ፤ ለአንድ አፍታ እጁ ማጥፊያው ላይ ቆየ፣ ከዚያ አነሳው።

"ልክ ነው" ብላ ጮኸች ሶፊ፣ ነገሩ በርቶላት። "ማርሚታው በርዷል። ቀዝቃዛ ጭስ ውስጥ ግፊቱ ቀስ ብሎ ነው የሚመላለሰው፤ ይዘገያል። እስኪሞቅ አንድ ደቂቃ ስጡን።"

ባለሙያው ሰዓቱን አየ። "አንድ ደቂቃ" አለ።

ሁሉም መርፌውን ሲያይ ኤልሳዕ ብቻ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ድምፁ ቀስ እያለ ወጣ። ሃምሳ ሰባት። ሃምሳ ዘጠኝ። ብሩ አፉን ከፍቶ ቀረ። "አሁን" አለ ኤልሳዕ ዓይኑን ሳይገልጥ፣ መርፌውም ሥልሳን አልፎ ሥልሳ ሁለት ላይ ተንቀጥቅጦ ቆመ።

ባለሙያው ጻፈ። ጌታሁን ሞተሩን አጠፋና ከሚኒባስ ወንበሩ ላይ ሳይነሳ አለቀሰ። ማንም ዓይኑን አላዞረም፤ ለብቻው እንዳይሆን የፈለጉ ይመስል ሁሉም ቆመው አዩት። ሚስቱ መጥታ ጭንቅላቱን ያዘችው። ብሩ ባጃጁን ዳሞታ ላይ የሚያወጣበትን መንገድ ካሁኑ እንደሚያጠና ለሳጅን ሰብስቤ ነገረው።

ዓመለወርቅ ዕንባው እስኪደርቅ ቆየችና ማኅደሩን ይዛ ተጠጋች። "መምህር፣ ክሱስ?"

ጌታሁን እጁን ሰዶ ማኅደሩን ዘጋው። ወርዶ ወደ ኤልሳዕ ሄደ።

"ተበላ ሜዳ ስወጣ ውስጥ ሆኜ ሞተሩን በደንብ አልሰማውም" አለ ጌታሁን። "ንፋሱ ይሸፍነዋል። ከታች ሆኖ የሚያዳምጥልኝ ሰው ያስፈልገኛል።"

ኤልሳዕ አንገቱን ቀና አደረገ። "እኔን ታምነኛለህ?"

"ድምፁ ሲወርድ ካንተ ቀድሞ የሚያውቅ ሰው የለም። ከወረደ ነጭ ጨርቅ አውለብልብልኝ፤ ወዲያው አርፋለሁ።"

"እሺ" አለ ኤልሳዕ። "ካልወረደስ? ደህና ከሆነ ምን ላድርግ?"

"ደህና ከሆነማ" አለ ጌታሁን፣ "መዘምራኑን ይዘህ ና፤ ከእሱ ጋር ዘምሩ።"